የጓሮ ዓሣ ገንዳ የሠሩልኝ ልጆች፦ ለአየሩ ዘጠኝ፣ ለመኖው አራት

ባሕር ዳር ውስጥ ጓሮ ቆፍረው፣ ፕላስቲክ አንጥፈው፣ ውኃ ሞልተው፣ ዓሣ ጨምረው የሚያስረክቡ ልጆች አሉ። ብዙ ሰው አያውቃቸውም። ጣና አፍንጫችን ሥር ተኝቶ ማን ጓሮው ውስጥ ዓሣ ያረባል? እኔ አረባለሁ። ክረምቱ አልፏል፣ የታኅሣሥ ብርድም አልፏል፣ ዓሣዎቹም አሉ። «እንዴት ነው? ያዋጣል? ማን ሠራልህ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ አንዴ ጽፌው ልረፍ።

ቸኩሎ ውጤቱን ብቻ ለሚፈልግ፦ የአየር ፓምፑና ባትሪው ከአሥር ዘጠኝ። ቁፋሮውና ፕላስቲኩ ስምንት። ማጣሪያው ሰባት። ዓሣዎቹ ስድስት። መኖው አራት፣ እሱም አዝኜላቸው ነው። ምክራቸው ግን አሥር ከአሥር፣ ምክንያቱም እኔ ልግዛ እያልኩ እነሱ አንሸጥም ብለው ቀብዴን መልሰውልኛል። በዚህ ዘመን! ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። የምወቅሳቸው ነገርም ስላለ ለእንጀራቸው ብዬ ነው።

የተመለሰልኝን ቀብድ ጉዳይ ላስቀድም።

ጀርመን ያለ የአጎቴ ልጅ ጓሮው ውስጥ ስተርጅን አለው። ስተርጅን ማለት ያ የካቪያሩ ዓሣ ነው፤ ባለጸጎች በትንሽ ማንኪያ የሚበሉት ጥቁር እንቁላል የሚወጣው ከሱ ሆድ ነው። የአጎቴ ልጅ የያዘው ግን ለእንቁላል ሳይሆን ለማየት ነው፣ ዝርያውም ከትንንሾቹ አንዱ፣ ስተርሌት የሚባለው። በቪዲዮ ሲያሳየኝ ልቤ ሄደ። እንደኛ ቀረሶ (ቲላፒያ) በቅርፊት የተሸፈነ አይደለም፤ በጀርባውና በጎኑ የአጥንት ጋሻ ተደርድሮበታል። አፍንጫው ሹል ነው። አፉ ከሥር ነው፣ ከአፉ ፊት ደግሞ አራት ጢም ተንጠልጥሏል፣ በሱ ወለሉን እየዳሰሰ ነው ምግቡን የሚፈልገው። እረፍት የሚባል ነገር አያውቅም፣ ቀን ከሌት ይዞራል።

እና ልጆቹ ጓሮዬን ሊለኩ ሲመጡ ቀረሶ የትም አለ፣ እኔ ስተርጅን ነው የምፈልገው፣ ጫጩቱን የአጎቴ ልጅ ይልክልኛል፣ እናንተ ቤቱን ሥሩለት አልኳቸው። ቀብድ ተቀበሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ዋናው ልጅ ደወለና «ጋሼ፣ ቤት ነዎት? ብሩን ይዤ ልምጣ» አለኝ። ቴርሞሜትርና አንድ የተጨማደደ ወረቀት ይዞ መጣ። በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ቡና ቀረበ። ከዚያ አንድ በአንድ አፈረሰኝ።

መጀመሪያ ሙቀቱ። ስተርጅን የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ ነው። ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ባለ ውኃ ነው ደስ የሚለው፤ ከ24 ካለፈ መብላቱን ይቀንሳል፣ ይጨነቃል፣ በሽታም ያገኘዋል። የባሕር ዳር ፀሐይ በመጋቢትና በሚያዝያ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው የጓሮ ውኃ ላይ ስታርፍ ምን እንደምትሠራ ለእናንተ መንገር የለብኝም። ማቀዝቀዣ ይገባለታል አልኩ። «ይገባል፣ ግን መብራት ሲጠፋስ?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ሁለተኛው ለኔ አዲስ ነበር፣ እስከዛሬም ለሰው የምተርከው እሱን ነው። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ከአምስት እጅ አራቱ ብቻ ነው። ውኃ ደግሞ ኦክስጅን የሚይዘው እንደ አየሩ ግፊት ነው። 25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ እዚያ ታች፣ ምጽዋ ወይ ጅቡቲ ላይ ቢሆን፣ ጨዋማ ካልሆነ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ከምናምን ኦክስጅን ይይዛል። ባሕር ዳር ላይ ያው ውኃ፣ በያው ሙቀት፣ 6.7 አካባቢ ሲደርስ ሞላ። አሥር ፓምፕ ብትደረድሩ ለውጥ የለም፣ ምክንያቱም ፓምፕ የጎደለውን ይሞላል እንጂ ከሞላው በላይ አይጨምርም። ስተርጅን ደግሞ ከ6 እና ከ7 በታች ሲወርድበት ነው የሚከፋው። ስለዚህ ሁሉ ነገር ቢሟላ እንኳን ዓሣው ዕድሜውን ሙሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ይኖራል ማለት ነው። ቀረሶ በበኩሉ 3 ሚሊ ግራምም ላይ ይታገሣል። አምባዛማ ጭራሽ ራሱን ብቅ አድርጎ ከላይ ያለውን አየር ይስባል፣ ከስንጥቡ (ዓሣ ውኃ ውስጥ ከሚተነፍስበት) በላይ ለዚሁ የተሠራ አካል አለው።

እኔ ግን በቀላሉ አልተሸነፍኩም። ማዳጋስካር አለች አልኩት። እውነትም አለች፦ ደጋዋ ላይ፣ ማንታሱዋ ሐይቅ አጠገብ፣ ስተርጅን የሚያረባ ድርጅት አለ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ካቪያሩን ገበያ አውጥቷል። ልጁ ሰምቶታል። ፈገግ አለና «ጋሼ፣ እዚያኮ ሐይቅ ከነባለሙያው ነው ያለው፤ እርስዎ ያለዎት ጓሮ ነው» አለኝ። ልክ ነው፣ ምን ይባላል?

የመጨረሻው ምክንያቱ ግን ስለ እኔ ጓሮ አልነበረም። ክረምት ላይ ገንዳ ሞልቶ ቢፈስ ውኃው የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ ጣና ነው። ጣና ውስጥ ዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ ከደርዘን በላይ የቢልጫ ዝርያዎች አሉ። እንግዳ ዓሣ ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ቪክቶሪያ ሐይቅ አሳይቶናል፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የናይል ፐርች ተለቀቀበትና በመቶ የሚቆጠሩ የአገሩ ዝርያዎች ጠፉ ወይም ለመጥፋት ተቃረቡ። እኛ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእምቦጭ የምንታመሰው አይበቃንም? በዚያ ላይ ስተርጅን ራሱ አደጋ ላይ ያለ ፍጥረት ነው። ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ ድንበር ለማሻገር ዓለም አቀፍ የፈቃድ ወረቀት ይጠየቅበታል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቀሩት 26 ዝርያዎች በሙሉ የመጥፋት ስጋት እንዳለባቸው ተነግሯል። የአጎቴ ልጅ በሻንጣ ይልክልኛል የሚባል ነገር የለም።

ብሩን ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔም እዚያው መልሼ ሰጠሁትና በል የቀረሶ ገንዳ ሥራ አልኩት።

ቁፋሮውና ፕላስቲኩ ላይ ብዙ አልልም። ስድስት በአራት ሜትር፣ ጥልቀቱ አንዱ ጫፍ ላይ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው ጫፍ ላይ ሜትር ከሃያ። ጥልቁ ጫፍ ያስፈልጋል፣ ዓሣው ሲሞቀውም ሲበርደውም የሚሄድበት ቦታ ነው። ጂኦሜምብሬኑን፣ ያን ፕላስቲክ ማለቴ ነው፣ ከማንጠፋቸው በፊት ድንጋይና ሥር ለቅመው፣ አሸዋ ነስንሰው፣ አሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት ደርበው ነው የሠሩት። እስካሁን አላፈሰሰም። የገንዳውን ከንፈር ከመሬቱ ወደ ሁለት ስንዝር ከፍ አድርገውታል፤ ሐምሌ ላይ ከጎረቤት ማሳ እየጋለበ የሚመጣው ጎርፍ ማዳበሪያውንና ፀረ ተባዩን ይዞ እንዳይገባ። የሚተርፈው ውኃ በወንፊት በተሸፈነ ቱቦ ይወጣል። ብልህ ሥራ ነው። ሁለቱ ነጥብ ያነሰው ሌላ ቦታ ነው። ጂኦሜምብሬን ሲረጥብ ያሙለጨልጫል፣ የወደቀ ሕፃን ወይም ውሻ ብቻውን አይወጣም። አጥሩን ራሳቸው አላሰቡትም፣ እኔ ነኝ ያሠራሁት። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ውኃው ሳይሞላ በፊት አጥር ይቁም በሉ፣ ለምኑም አትጠብቁ። የወፍ መረቡንም መጀመሪያ ከአሣ አስጋሪዎች በተገዛ አሮጌ ቀጭን መረብ ነበር የሸፈኑት። ወፍ ይይዛል፣ ያሳዝናል። ስነግራቸው ግን ሳይከራከሩ በወፍራም ገመድ ቀየሩት።

አሁን ወደ አየሩ።

ብዙ ሰው ገንዳ ሲያስብ ውኃውንና ዓሣውን ነው የሚያስበው። ዓሣ የሚሞተው ግን ሌሊት ነው፣ የሚሞተውም በአየር እጥረት ነው። ቀን ላይ ውኃው ውስጥ ያለው አረንጓዴ አልጌ በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል። ሲመሽ መሥራቱን ያቆምና እሱም እንደ ዓሣው መተንፈሱን ብቻ ይቀጥላል፤ ባክቴሪያውም ይተነፍሳል፣ ከሥር የተኛው ዝቃጭም ይበላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያድርና ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ፣ ኦክስጅኑ ከምንም ጊዜ በላይ ያንሳል። ገንዳ ያለው ሰው ማየት ያለበት በዚያ ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ቡና ይዞ ቆሞ «አይ ሲያምሩ!» ማለት ምንም አይነግርም።

ልጆቹ ይሄን አሳዩኝ። ገና ዓሣዎቹ እንደገቡ ሰሞን በሌሊት መጥተው፣ እኔው ቤት አጠገብ ቆመን፣ በእጃቸው የሚይዙትን ኦክስጅን መለኪያ ገንዳው ውስጥ ነከሩ። ከዚያ ሆን ብለው ፓምፑን አጠፉት። ባትሪ መብራት አብርተን ጠበቅን። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ግን አንድ ቀረሶ ጥልቁ ጫፍ ላይ ወጣ፣ ከንፈሩን ከውኃው ጋር አስተካክሎ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ። ሌላ ተከተለው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ የሚስቡት አየር እንዳይመስላችሁ፤ ከአየር ጋር የሚነካካውን የላይኛውን ስስ ውኃ ነው የሚጠጡት፣ የተሻለ ኦክስጅን ያለው እዚያ ስለሆነ። ስንጥባቸው በፍጥነት ይርገበገባል። መለኪያው 2 እና 3 መሀል ላይ ነበር። ልጁ ፓምፑን አበራው፣ ከሥር አረፋው ፈላ፣ ውኃው ድስት ላይ እንዳለ ሽሮ ተንተከተከ። ትንሽ ቆይተው አንድ በአንድ ወደታች ወረዱ። ይሄንን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው ለምን የወጪውን ግማሽ አየርና ባትሪ ላይ እንዳዋሉት የገባኝ።

መሣሪያው ከቻይና የመጣ ተራ የአየር ፓምፕ ነው፣ 50 ዋት ይበላል። ከሱ የሚወጡ ቱቦዎች አየሩን በትንንሽ አረፋ የሚበትኑ ሁለት ክብ የአየር ድንጋዮች ላይ ያልቃሉ። ድንጋዮቹን ጥልቁ ወለል ላይ አላስቀመጧቸውም፣ ትንሽ ከፍ አድርገዋቸዋል፣ ዝቃጩን እንዳያነሳው ብለው። ፓምፑን ከውኃው ወለል በላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሰቅለውታል። ምክንያት አለው፤ ፓምፑ ከውኃው በታች ከሆነ መብራት ሲጠፋ ውኃው በቱቦው ተመልሶ ይገባና ያቃጥለዋል።

ባትሪውን በተመለከተ፣ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ያለው ነው፣ ከኢንቨርተር ጋር። ወረቀት ላይ 1,200 ዋት ሰዓት ነው፣ የእርሳስ ባትሪ ግን ከግማሹ በታች ባታወርዱት ነው ዕድሜ የሚኖረው። ስለዚህ 600 በሉት። ለ50 ዋት ፓምፕ፣ ኢንቨርተሩ የሚበላውን ቀንሳችሁ፣ አሥር ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ከማታ 2 ሰዓት እስከ ንጋት ማለት ነው። መብራት ሲሄድ ራሱ ይቀይራል፣ ከእንቅልፍ መነሣት የለም። ፓምፑ ድምፁን ትንሽ ይለውጣል፣ ሚስቴ «ሄደ መሰለኝ» ትልና ተገላብጣ ትተኛለች። የኛን ሰፈር መብራት የምታውቁ ይሄ ምን ያህል ሰላም እንደሆነ ይገባችኋል።

አንዷ ነጥብ የተቀነሰችው ለድምፁ ነው። ያጓራል። መኝታ ቤታችሁ ጓሮው በኩል ከሆነ ግድግዳው ላይ እንዳይሰቅሉባችሁ፣ በራሱ ቋሚ እንጨት ላይ ይሁን በሏቸው።

ማጣሪያው ባለ 200 ሊትር በርሜል ነው፣ ውስጡ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተሞልቷል። ውጭ አገር በፕላስቲክ ኳስ የሚሠሩትን ነው በአገር ድንጋይ የሠሩት፣ ይሄ ደስ ብሎኛል። ሥራው ቆሻሻ ማስቀረት ብቻ አይደለም። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያ ይመርዛል፤ ድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ የሚሰፍረው ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ ቀላል ወደሆነው ናይትሬት ይለውጠዋል። ባክቴሪያው እስኪሰፍር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ልጆቹ በዚህ ጊዜ ዓሣ በጥቂቱ ነው ያስገቡት፣ መኖም በቁንጥጫ። ድንጋዩን በቧንቧ ውኃ አትጠቡት፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይፈጃል፤ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ አለቅልቁት ብለው አስጠነቀቁኝ። ጥሩ። ግን የበርሜሉ የታችኛው ቧንቧ ገና ከጅምሩ ያንጠባጥባል፣ መጥተው ጠገኑት፣ አሁንም ያንጠባጥባል። ሰባት ያልኩት ለዚህ ነው። አጠገቡ የተከልኩት ደንገል ግን በጣም ተደስቷል።

ዓሣዎቹ ላይ ቅሬታ አለኝ። ወንድ ቀረሶ ብቻ እናመጣልዎታለን ብለው ነበር። ለምን ወንድ? ወንዱ ፈጥኖ ያድጋል። ሴትና ወንድ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ገና በትንሽነታቸው መራባት ይጀምራሉ፣ ሴቷ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ታቅፋ አትበላም፣ ገንዳው ጣት በሚያህሉ ዓሣዎች ይሞላል። የመጣልኝ ድብልቅ ነበር። እርግጥ ጫጩቱ 20 እና 30 ግራም ሳይደርስ በዓይን ለይቶ ወንድ ነው ማለት አስቸጋሪ ነው፣ ይገባኛል። ግን ያንን ካወቃችሁ ለምን ቃል ትገባላችሁ? መፍትሔ ብለው ጥቂት አምባዛ ጨመሩልኝ፣ የተረፈውን ጫጩት እየበላ ቁጥሩን ይገታል። ሠርቷል። አምባዛው ግን ዝናብ ባለበት ሌሊት ከገንዳ ወጥቶ መሬት ለመሬት የሚሄድ ፍጥረት ነው፤ አንዱን ጎመኑ መሀል አግኝተነዋል፣ ሕያው ሆኖ። መረቡ ለወፍ ብቻ አይደለም ለካ።

መኖው... ወይ መኖው። ራሳቸው የሚያዘጋጁት ነው፦ የኑግ ፋጉሎ፣ ፉሩሽካ፣ የደረቀ የዓሣ ሆድ ዕቃ ተፈጭቶ። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ የውጭ መኖ ዋጋው አይቀመስም። አሠራሩ ግን ገና ነው። እንክብሉ ውኃ ሲነካው ወዲያው ይፈርሳል፣ ቡናማ ደመና ሆኖ ይሰጥማል። ቀረሶ መኖው ከላይ ሲንሳፈፍ ነው በደንብ የሚበላው፣ ሲንሳፈፍ ነው እናንተም ማን በላ ማን ተወ የምታዩት። የሰጠመው ወለል ላይ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰው ኦክስጅን ይበላል፣ ከዚያ ያ ውድ ፓምፕ የሚደክመው ዓሣውን ሳይሆን የራሳቸውን መኖ ለማስተንፈስ ይሆናል። ከረጢቱ ላይ ቀን የለም፣ ስንት በመቶ ፕሮቲን እንዳለውም አልተጻፈም። አንዱ ከረጢት ሲከፈት የቆየ ዘይት ሸተተኝ፣ እሱን ወደ ዶሮዎቹም አላደረስኩትም፣ መለስኩት። ቀየሩልኝ፣ ይቅርታም ጠየቁ። ግን አራት ነው፣ አራት።

ስለ መኖ ከአጎቴ ልጅ ጋር ስናወራ የሚገርመኝ ነገር አለ። የሱ ችግር የኔ ተቃራኒ ነው። የስተርጅን አፍ ከሥር ስለሆነ ተንሳፋፊ መኖ ለሱ ከንቱ ነው፣ የሚሰጥም መግዛት አለበት። አብረውት ያሉት ጌጠኛ ዓሣዎች ደግሞ ቀድመው ይጨርሱበታል፣ ስለዚህ ጨለማ ሲሆን ነው ለብቻው የሚያበላው። ሌላው ጭንቀቱ ክር የሚመስለው አልጌ ነው፤ ስተርጅን ወደ ኋላ መዋኘት ስለማይሆንለት ክሩ ውስጥ ከገባ ይጠላለፍና ይሞታል። ለሌላ ዓሣ የሚደረግ መድኃኒትም ለሱ መርዝ ሊሆንበት ይችላል፣ መዳብ ያለበትን በተለይ ይፈራል። ገንዳውም የሚዞርበት ሰፊ፣ ማዕዘንም የሌለው መሆን አለበት። ይሄን ሁሉ እየሰማሁ ቀብዴን የመለሰልኝን ልጅ በሆዴ እመርቀዋለሁ።

የአመጋገብ ምክራቸው ግን ከመኖአቸው በእጅጉ ይሻላል። ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት አታብሉ፣ ኦክስጅኑ ገና አልተመለሰም። በጥቂት ደቂቃ ጨርሰው የሚበሉትን ያህል ብቻ ስጡ። በታኅሣሥና በጥር ውኃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቀረሶ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፣ ያኔ ቀንሱ፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ ተዉት። ዳመናም ሲሆን ቀንሱ። እንዲህ አድርጌ ነው ብርዱን ያለፍነው።

አንድ ሌላ ነገር ላንሣ፣ የነሱ ጥፋት አይደለም። የውኃ መመርመሪያ ወረቀት ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ሱቅ ገዛሁ። የሱቁን ስም ተዉት። ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ቀለሙን ከሠንጠረዡ ጋር የምታስተያዩት ዓይነት ነው። ሁልጊዜ አሞኒያ የለም ይለኛል። ልጁ የራሱን ጠብታ መመርመሪያ አምጥቶ ጎን ለጎን ሲሞክር የሱ አረንጓዴ ሆነ፣ የኔ ወረቀት አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው። ጣሳውን አዙሮ አየው፤ የማብቂያ ቀኑ ተፍቋል። ባለ ሱቁ «ወረቀት ነው፣ ወረቀት ምን ይበላሻል» አለኝ። ይበላሻል! እርጥበት ይገባዋል፣ ቀለሙ ይሞታል። የጠብታውን ግዙ፣ ቀኑን አይታችሁ ግዙ። ያን ቀን ልጁ መድኃኒት እንጨምር አላለም። አምስት እጅ ካለው ውኃ አንዱን እጅ አወጣ፣ ቀድሞ በበርሜል አድሮ በአየር ሲመታ የቆየ የቧንቧ ውኃ ተካ፣ መኖ ለሁለት ቀን ከለከለ። በቃ።

የክትትል ነገር። ስልክ ያነሣሉ። ሁለቱ እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዓሣ ተምረው የወጡ ናቸው፣ ስትጠይቋቸው «እንደዚህ ስለሆነ ነው» ብለው ምክንያት ይነግሯችኋል። ቀጠሮ ላይ ግን ሐበሻ ናቸው፣ «እየመጣን ነው» ማለት ገና ቤት ነን ማለት ነው።

ያዋጣል ወይ ለምትሉኝ፦ አያዋጣም። በካሬ ሜትር ሁለት ሦስት ዓሣ ነው የሚገባው፣ ለኔ ሃምሳ ስልሳ ቀረሶ ማለት ነው፣ እያንዳንዱ ሩብ ኪሎ ቢደርስ ከአሥራ አምስት ኪሎ አይበልጥም። ለዚያ የወጣው ብር ለስንት ሁዳዴ ሐይቁ ዳር ትኩስ ዓሣ ይገዛ ነበር። ሰፊ መሬት ከተማው ዳር ዘንዘልማ ወይም ገጠር በኩል ያለው ሰው ሌላ ስሌት አለው፣ የኔ ዓይነቱ ግን ለደስታው ነው። ደስታው ደግሞ አለ። ልጆቼ ስልካቸውን ጥለው ገንዳው ዳር ሲቀመጡ አይቻለሁ፣ ይሄ ራሱ ስንት ብር ነው?

ልታሠሩ ካሰባችሁ መኖውን ከነሱ አትግዙ፣ ቢያንስ የሚንሳፈፍ እስኪሠሩ ድረስ። የጫጩቱን ጾታ ጉዳይ በጽሑፍ አስፈርሟቸው። የአየር ፓምፑ ውስጥ ያለው ጎማ የሚያልቅ ዕቃ ነው፣ ሲያልቅ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ዓሣ አይጠብቅም፤ ስለዚህ መለዋወጫው ጎማ በእጃችሁ ሳይገባ የመጨረሻውን ክፍያ እንዳትከፍሉ። ለኔ አንድ አስቀምጠውልኛል፣ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።